በሰሜን ሸዋ ጤና ጣቢያዎች የአእምሮ ጤና ሥልጠናን እንዴት እናካሂድ?

ከመንዝ ወይም ከመርሐቤቴ ገጠር ተነሥቶ የሥነ አእምሮ ሐኪም ዘንድ ለመድረስ አንድ ቤተሰብ ረጅም መንገድ መጓዝ፣ ብዙ ጊዜም በግ መሸጥ ስላለበት፣ ሕክምናው ወደ ጤና ጣቢያ መውረድ አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 የጀመረው መርሐ ግብርም በዚህ ሐሳብ ላይ የቆመ ሲሆን፣ ስፔሻሊስት ያልሆኑ ነርሶችና ጤና መኮንኖች የሚሠሩበትን መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2010 አውጥቷል።

ከየጤና ጣቢያው ቢያንስ ሁለት ሰው ይመረጥ፤ አንዱ በዝውውር ሲሄድ አገልግሎቱ አብሮት እንዳይሄድ። በድባቴ፣ በሳይኮሲስ (ሰውን ከእውነታ በሚያለያይ የአእምሮ ሕመም)፣ በሚጥል በሽታና በአልኮል ችግር መጀመር ይበቃል። በተለይ አረቄ በየቤቱ በሚወጣበት በደጋው አካባቢ የመጨረሻው ሊዘለል አይገባም።

ብዙውን ሰዓት ለቃለ መጠይቅ ልምምድ ይስጡ። ታካሚ «ድባቴ ይዞኛል» ብሎ አይመጣም፤ «ራሴን ይወቅጠኛል፣ ልቤን ጭንቅ ይለኛል» ነው የሚለው። በመራሁት አንድ ሥልጠና ላይ አንዲት አንጋፋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ እንደ ታካሚ ሆና ስትቀመጥ፣ ወጣቱ ነርስ «እማማ፣ ድባቴ አለብዎት?» አላት። «ኧረ የለብኝም» ብላ ዘጋችው። ጥያቄውን ለውጦ «ከጎረቤት ጋር ቡና መጠጣቱ እንደ ድሮው ያሰኝዎታል?» ሲላት፣ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ «ልጄ፣ ከቡናው ከቀረሁ ሰነበትኩ» አለችው። ክፍሉ ጸጥ አለ። ሠልጣኞች ይህን ልዩነት በጆሯቸው እስኪሰሙት ድረስ ልምምዱ ይደጋገም። ራስን ስለ ማጥፋት በግልጽ መጠየቅንም በአፋቸው ይለማመዱ፤ መጠየቁ ሐሳቡን በሰው ውስጥ አይዘራም፣ ዝምታው ግን ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል።

መድኃኒትን በሚመለከት ጥቂት ነገር በደንብ ይታወቅ፦ የድባቴ መድኃኒቱ ፍሉኦክሴቲን ለውጥ ለማሳየት ሳምንታት እንደሚፈልግ፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒቱ ፌኖባርቢታል በድንገት እንደማይቋረጥ፣ የሳይኮሲስ መድኃኒቱ ሃሎፔሪዶል ጡንቻን ግትር ሊያደርግ እንደሚችል። ከሥልጠናው በፊት ግን እነዚህ መድኃኒቶች በመጋዘን መኖራቸውን ያረጋግጡ፤ የሚያዝዘው ነገር የሌለው ሠልጣኝ የተማረውን ቶሎ ይረሳል።

ጻድቃኔ ማርያም ወይም ሸንኮራ ዮሐንስ ደርሶ የመጣን ታካሚ «ጠበሉን ተው» ማለት እሱንም ቤተሰቡንም ማጣት ነው። ሁለቱን አብሮ መቀጠል እንደሚቻል ማስረዳትን፣ ከአጥማቂዎችም ጋር በአክብሮት መነጋገርን ያስተምሩ።

ከአንድ ወር በኋላ ተመልሰው ከሠልጣኙ ጋር በምርመራ ክፍሉ ይቀመጡ፤ መዝገቡን ገልጠው ከቀጠሮ የቀሩትን አብረው ይቁጠሩ። የእነዚያ ሰዎች ዝርዝር በዚያው ቀን ለቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ይድረስ፤ መድኃኒቱን ያቋረጠ ሰው እቤቱ በገመድ ታስሮ ሊሆን ይችላልና።