በውርጭ አልነሳ ያለ የናፍጣ መኪና፦ ከምልክቱ ወደ መፍትሄው

ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ሌሊቶች ከደብረ ብርሃን እስከ መሐል ሜዳ መኪናውን ውጭ ያሳደረ ሹፌር ይህን ጠዋት ያውቀዋል። ሣሩ ላይ ጨው የመሰለ ውርጭ ተነጥፏል፣ ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ እያቃሰተ ይጎትታል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም። ያን ጊዜ ብዙዎቻችን ባትሪው እስኪሞት ድረስ ቁልፉን ደጋግመን እናዞራለን። እባካችሁ፣ ለሁለተኛ ጊዜ ከማዞራችሁ በፊት የሞተሪኖውን ድምፅ አዳምጡ፤ ረዳታችሁም ከኋላ ቆሞ የማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን) ጭስ ይመልከት። ችግሩ የት እንዳለ የሚነግሯችሁ እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር በብልጭታ አይነሳም። ፒስተኑ አየሩን አምቆ ያግለዋል፤ ናፍጣው የሚቀጣጠለው በዚያ ግለት ነው። የቀዘቀዘ ብረት ግን ግለቱን ይጠጣዋል። ደብረ ብርሃን ደግሞ 2,840 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር ከሩብ በላይ የሳሳ ነው። ስለዚህ ሸዋ ሮቢት ላይ በአንድ ቁልፍ ሲነሳ የነበረ መኪና ጣርማበርን ወጥቶ ካደረ በኋላ እምቢ ቢል አይግረማችሁ። ቆላ ላይ ተሸፍኖ የቆየ ድካም ሁሉ እዚህ ይወጣል።

ምልክት፦ ሞተሪኖው በዝግታ ይጎትታል፣ ወይም «ቀጭ» ብሎ ዝም ይላል

መጀመሪያ ባትሪውን ጠርጥሩ። 0 ዲግሪ አካባቢ ጤነኛ ባትሪ እንኳ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛውን ወይም ከዚያ በላይ ያጣል። ባለ 24 ቮልት መኪና ላይ ያሉትን ሁለት ባትሪዎች ለየብቻ ለኩ። ሙሉ ሆኖ ያደረ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ 12.2 ካሳየ ግማሹን ያህል ጨርሷል። አንዱ ከደከመ ሌላውን ይዞት ስለሚወድቅ መቀየር ያለባቸው አብረው ነው። ባትሪዎቹ ደህና ከሆኑ ገመዱን ከባትሪው ራስ ጋር የሚያስረውን ሞርሴቶ ፍቱና ነጩን ዝገት በሞቀ ውሃ አጥባችሁ፣ ፍቃችሁ፣ መልሳችሁ አጥብቁት። ከሻንሲው (ከመኪናው የብረት አካል) ጋር የሚታሰረውን ገመድም አትርሱ።

ዘይትም አለበት። ለቆላ ሙቀት ተብሎ የተሞላ ወፍራም ባለ 50 ዘይት በውርጭ ጠዋት እንደ ማር ይሆናል። አምራቹ የሚፈቅድ ከሆነ 15 ደብሊው 40 ይሻላል።

ምልክት፦ ሞተሪኖው በፍጥነት ያዞራል፣ ዐይን የሚያቃጥል ነጭ ጭስ ይወጣል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም

ናፍጣው ደርሷል፤ ያጣው ግለት ነው። ማሞቂያ ካንዴላ ያለው መኪና ከሆነ፣ የማሞቂያው መብራት እስኪጠፋ ሳትጠብቁ ሞተሪኖውን አትጥሩ። በጣም በቀዘቀዘ ጠዋት ሁለት ጊዜ ማሞቅ ይረዳል። ካንዴላዎቹን ለመፈተሽ ከላይ የሚያገናኛቸውን ብረት አንሱ፤ የፍተሻ አምፖሉን አንድ ጫፍ ባትሪው ፖዘቲቭ ላይ አስራችሁ በሌላኛው ጫፍ የእያንዳንዱን ካንዴላ ራስ ንኩ። አምፖሉን ያላበራ ካንዴላ ተቃጥሏል። ሁሉም ካበሩ ፊውዙንና ሪሌውን ተመልከቱ።

ማሞቂያው ሁሉ ደህና ሆኖ መኪናው ፀሐይ ካልሞቀው የማይነሳ፣ ዘይት የሚበላና በዘይት መሙያው አፍ ጭስ የሚተነፍስ ከሆነ የፒስተኑ ፋሻ (ቀለበት) አልቋል። ይህ የጋራዥ ሥራ ነው።

ምልክት፦ ሞተሪኖው በፍጥነት ያዞራል፣ ጭስ ግን ፈጽሞ የለም፤ ወይም ሞተሩ ተነስቶ ጥቂት ቆይቶ ይጠፋል

ናፍጣው መንገድ ላይ ቀርቷል። አምና በታኅሣሥ መሐል ሜዳ ገብስ ጭነን ያደርን ዕለት ይህንን ባለማወቄ ሁለት ባትሪ ጨረስኩ። ቁልፉን ትቼ የናፍጣ ማጣሪያውን፣ ፊልትሮውን፣ ለማየት የወረድኩት ከዚያ በኋላ ነው። ከሥሩ ያለችውን የውሃ ማፍሰሻ ፈታኋት፤ ጠብታ አልወጣም። ኩባያውን ስፈታው ታቹ ላይ አውራ ጣት የምታህል በረዶ፣ መሐሏ ዝገት ቋጥራ፣ ተጣብቃ አገኘኋት። አንዲት እናት ለሻይ ካፈሉት ውሃ ሰጡንና ጨርቅ እየነከርን ፊልትሮውን ጠቀለልነው። በረዶዋ ሟሟች። በእጅ ፖምፓው አየሩን አስወጣን፤ ከጎረቤት መኪና በገመድ ባትሪ ተበድረን ሞተሩ ተነሳ።

ያ ውሃ ከሰማይ አልወረደም። ቆላ ላይ ግማሽ ናፍጣ ይዞ የወጣ ሰልባትዮ (የናፍጣ ታንክ) ባዶው ክፍል የሞቀ አየር ይሞላዋል፤ ሌሊት ሲበርድ እርጥበቱ በግድግዳው ላይ ጤዛ ሆኖ ይወርዳል። ማታ ሰልባትዮውን ሞልቶ ማሳደርና ውሃውን ሳይረጋ ከፊልትሮው ማፍሰስ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ናፍጣው ራሱ ደፍርሶ ሰም ቢያወጣም መፍትሄው ያው የሞቀ ጨርቅ ነው። የፈላ ውሃ ግን ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚገፋው ዋናው ፖምፓ ላይ አታፍስሱ፤ ውስጡ ያሉት ብረቶች በጣም የተጠጋጉ ስለሆኑ በድንገት ሲሞቁ ተናክሰው ይቆማሉ።

ፈጽሞ የማይደረጉ

ከሞተሩ ሥር እሳት ማንደድ ያየሁት ብዙ ጊዜ ነው፤ ባየሁት ቁጥርም ሆዴ ይርዳል። ናፍጣ የጠጣ አቧራ፣ የጎማ ቱቦና የኤሌክትሪክ ገመድ ባለበት እሳት መለኮስ መኪናውንም ሰውንም ማጣት ነው። ማሞቂያ ባለው ሞተር ላይ ኤተር መንፋትም ፍንዳታ ያመጣል። ቁልቁለት ላይ አቁሞ በማርሽ ማስነሳት ደግሞ ለንፋስ ፍሬን መኪና አይሆንም፤ ሞተሩ እምቢ ካለ ፍሬኑም መሪውም የሉም።

ሞተሪኖውን በአንድ ጊዜ ከ15 ሰከንድ በላይ አታስጩኹት። አንድ ሁለት ደቂቃ አሳርፉት።

ከተነሳ በኋላ

ነዳጅ አትርገጡ። ዘይቱ እስኪዳረስ ለጥቂት ደቂቃ በዝቅተኛ ዙር ይሥራ፤ የንፋሱም ጌጅ ሙሉ ይድረስ። ወደ ደብረ ሲና የምትወርዱ ከሆነ አንድ ነገር አክሉ። በንፋስ ፍሬኑ ታንክ ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ በውርጭ ሌሊት ቫልቩ ውስጥ ይረጋል፤ ጌጁ ሙሉ እያሳየ ፍሬኑ ላይመልስ ይችላል። ውሃውን ማታ፣ ሞተሩ ገና ሳይበርድ፣ ከታንኩ ሥር አፍስሱት። ጠዋትም ሜዳው ላይ ሳላችሁ ፍሬኑን ሁለት ሦስት ጊዜ ረግጣችሁ፣ መኪናው ቀጥ ብሎ መቆሙን አይታችሁ ወደ ጣርማበር ዋሻ ግቡ።