ግድግዳ ላይ ሰፊ ቀዳዳ ለማውጣት ድሪል ስትመርጡ

በጡብ ወይም በብሎኬት ግድግዳ ላይ ለቱቦ ወይም ለአየር ማስወጫ 100 ሚሊ ሜትር የሚያልፍ ቀዳዳ ልታወጡ ከሆነ፣ ዋቱን ከማየታችሁ በፊት ድሪሉ የደኅንነት ክላች እንዳለው አረጋግጡ። ለዚህ የሚያገለግለው ሰፊ የዳይመንድ ፑንታ፣ ማለትም አፉ ላይ የዳይመንድ ጥርስ ያለው ቱቦ መሰል መቁረጫ፣ ግድግዳው ውስጥ ድንገት ሊነክስ ይችላል። ፑንታው ሲቆም ሞተሩ አይቆምም፤ ያኔ የሚዞረው ድሪሉ ራሱ ነው፣ ከነእጃችሁ። የእጅ አንጓ የሚሰበረው እንዲህ ነው። ክላች ካለው ግን ጫናው ሲበዛ ሞተሩ ብቻውን ይዞራል። ያም ሆኖ የጎን እጀታውን ሳትገጥሙ አትጀምሩ።

ፑንታው በሰፋ ቁጥር ዙሩ መቀነስ ስላለበት ባለ ሁለት ማርሽ ይሻላል፤ በዝቅተኛው ሥሩ።

የድሪሉ መዶሻ፣ ማለትም ፑንታውን እየመታ የሚያስበሳው አሠራር፣ የሚጠፋ መሆኑንም እዩ። ዳይመንድ የሚቆርጠው እየፈጨ ነው፣ ከተመታ ጥርሱ ይረግፋል። መዶሻውን ማጥፋት የማይቻልበት ድሪል የቱንም ያህል ጉልበተኛ ቢሆን ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ፌሮ ባለበት ኮንክሪት ላይ ግን ይህን በእጅ አትሞክሩት። እሱ ግድግዳው ላይ ታስሮ፣ በውሃ እየቀዘቀዘ የሚቆርጥ ማሽን ይፈልጋል። ፌሮውን መቁረጥ ይቻል እንደሆነም አስቀድሞ መሐንዲስ ይጠየቅ።