ትንሽ ኮሌጅ ገብቶ ቅርጫት ኳስ መጫወት፦ ምልመላውም ዝውውሩም እንዴት ይሄዳል

አሜሪካ ውስጥ ሃይስኩል ቅርጫት ኳስ የሚጫወት ልጅ ሁሉ ዓይኑ ከኮሌጅ ስፖርት ከፍተኛው እርከን፣ ዲቪዥን 1 ላይ ነው። ቴሌቪዥን የሚያሳየው እሱን ነዋ። ግን ኮሌጅ ገብተው ከሚጫወቱት ወንዶች አብዛኞቹ እዚያ አይደሉም። ያሉት በዲቪዥን 2፣ በዲቪዥን 3፣ በኤንኤአይኤ (የትናንሽ ኮሌጆች ሌላ የስፖርት ማኅበር) እና ጁኮ በሚባሉት የሁለት ዓመት ኮሌጆች ውስጥ ነው። ይህን የምጽፈው ወደዚያ ለሚሄደው ልጅ ነው፤ ወላጆቹም አብረው ቢያነቡት ደስ ይለኛል።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዝ። በትንሽ ኮሌጅ ሜዳ ላይ የምታሳየው ብቻ አይበቃም። ትራንስክሪፕትህና የገንዘብ ወረቀትህ እኩል ይወስናሉ፤ ብዙ ጊዜ እንዲያውም ይበልጣሉ። ይህን ሦስተኛ ዓመት ላይ ደርሶ የሚረዳ ጎበዝ ተጫዋች ብዙ ነው፣ በእውነት ያሳዝነኛል።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል

ዲቪዥን 3 ከ400 በላይ ኮሌጆች አሉት። ዋናው የኮሌጅ ስፖርት ማኅበር ኤንሲኤኤ ካሉት ሦስት ክፍሎች በኮሌጅ ብዛት ትልቁ ነው። ኳስ ስለምትጫወት ተብሎ አንድ ዶላር አይሰጥህም፣ ደንቡ ይከለክላል። የምታገኘው በውጤትህና በቤተሰብህ አቅም ልክ ነው። ዲቪዥን 2 ላይ አንድ ቡድን በወንዶች ቅርጫት ኳስ እስከ 10 ሙሉ ስኮላርሺፕ የሚያህል ገንዘብ ይፈቀድለታል። አሰልጣኙ ታዲያ ይህን ቆራርሶ ለብዙ ልጅ ያከፋፍለዋል፤ 10ሩን የማይሞላ ኮሌጅም ሞልቷል። ኤንኤአይኤም ቢሆን ስኮላርሺፕ ይሰጣል፣ እዚያም መከፋፈል የተለመደ ነው። ከጁኮዎቹ ማኅበር ከኤንጄሲኤኤ ዲቪዥን 1ው ሙሉ ስኮላርሺፕ መስጠት ይችላል፣ ዲቪዥን 3ው አይችልም። የካሊፎርኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች የራሳቸው ማኅበር አላቸው፣ እነሱም የስፖርት ስኮላርሺፕ አይሰጡም።

ስለዚህ አሰልጣኝ "ሙሉ በሙሉ እንሸፍንልሃለን" ካለህ፣ በትህትና "ከምን ከምን ተደምሮ ነው?" ብለህ ጠይቅ።

መልሱ ያለው ኮሌጁ በሚልክልህ የእርዳታ ደብዳቤ ላይ ነው። ቁጭ ብለህ በእርሳስ አንብበው። የዓመቱ ወጪ 58,000 ዶላር ነው እንበል። ደብዳቤው 30,000 በውጤት የሚሰጥ፣ 7,000 በቤተሰብ አቅም የሚሰጥ፣ 5,500 የፌዴራል ብድር፣ 2,500 ደግሞ ግቢ ውስጥ ሠርተህ የምታገኘው ብሎ 45,000 ይደምርልሃል። ሲያዩት 13,000 ብቻ የቀረ ይመስላል። ግን ብድሩ ይመለሳል፣ የሥራውም ገንዘብ ሳትሠራ አይመጣም። በነፃ የተሰጠህ 37,000 ነው፤ በቤተሰብህ ትከሻ ላይ የሚወድቀው 21,000። ይህን በአራት አባዛው። ከዚያ ለገንዘብ እርዳታ ቢሮው ደውለህ ሦስት ነገር ጠይቅ፦ የውጤቱ ገንዘብ እንዳይቋረጥ ስንት ጂፒኤ ያስፈልጋል፣ ለአራቱም ዓመት ነው ወይ፣ የትምህርት ክፍያው ሲጨምር እርዳታውስ ይጨምራል ወይ። አሰልጣኙን ሳይሆን ቢሮውን። አሰልጣኙ ቅን ሰው ሊሆን ይችላል፣ ግን ገንዘቡ በእሱ እጅ አይደለም።

የዲቪዥን 3 ትልቁ በረከት እዚህ ላይ ነው፣ ብዙ ሰው ግን አያነሳውም። ጉልበትህ ቢጎዳ ወይም አሰልጣኙ ቢቀየርና አዲሱ ባይፈልግህ፣ ገንዘቡ ከኳሱ ጋር ስላልታሰረ አይነካም።

ፋፍሳ የሚባለውን የፌዴራል የገንዘብ እርዳታ ማመልከቻ ቶሎ ሙላ። ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ያለው ይሞላል፣ ጥገኝነት የተሰጠውም እንዲሁ። በኤፍ 1 የተማሪ ቪዛ የምትማር ከሆነ ግን የፌዴራል እርዳታ የለህም። ስለዚህ ገና ከጅምሩ "ለውጭ አገር ተማሪ ምን ያህል ትሰጣላችሁ?" ማለት አለብህ። እያንዳንዱ ኮሌጅ ድረ ገጹ ላይ የወጪ ማስያ አለው፣ በሕግ ግዴታው ነው። ከማመልከትህ በፊት ከወላጆችህ ጋር ሆነህ ሙላው፤ ለአሜሪካ ነዋሪ ጥሩ ግምት ይሰጣል።

እንዲያዩህ ምን ታደርጋለህ

ትንሽ ኮሌጅ አገር ለአገር የሚዞር የመልማዮች ሠራዊት የለውም። አንዳንዱ ጋ ዋና አሰልጣኙና አንድ ረዳት ብቻ ናቸው፣ ረዳቱም ሌላ ሥራ ደርቦ ይሠራል። ስለዚህ አንተው ነህ የምትፈልጋቸው። ይህ ደግሞ ነውር የለውም፣ እነሱም ይጠብቁታል።

ወደ 25 ኮሌጅ የሚሆን ዝርዝር አውጣ። መጀመሪያ የምትማረው ትምህርት መኖሩን አጣራ፣ ከዚያ ወጪውን፣ ከዚያ ኳሱን። በዚህ ቅደም ተከተል ስትሄድ ዝርዝሩ ቶሎ ይቀንሳል፣ መቀነሱም ጥሩ ነው።

ኢሜይሉ አጭር ይሁን። ለዋናውም ለረዳቱም ላክ፣ ረዳቱ ነው ቶሎ የሚያየው። በእንግሊዝኛ የምትጽፈው ነገር መንፈሱ እንዲህ ነው፦ "የ2027 ተመራቂ ነኝ፣ 6 ጫማ ከ2 ኢንች፣ ጋርድ። ጂፒኤዬ 3.6 ነው፣ ባዮሎጂ መማር እፈልጋለሁ። ሦስት ጋርዶቻችሁ ዘንድሮ እንደሚመረቁ አይቻለሁ፤ ኳስ ይዞ የሚወጣን ሰው መጫን እወዳለሁ፣ እናንተም በሙሉ ሜዳ ስትጫኑ አየሁ። ቪዲዮዬ ይኸው፣ የሐምሌ ጨዋታዎቼ ፕሮግራምም ከሥሩ አለ።" ከታች የአሰልጣኝህ ስልክ። በቃ። ያቺ ስለ ቡድናቸው የጻፍካት ዓረፍተ ነገር ናት ኢሜይልህን ለመቶ ሰው በጅምላ ከተላከው የምትለየው። ስታስገባ ግን እውነት ትሁን፤ ጨዋታቸውን በኢንተርኔት ሳታይ "አየሁ" አትበል።

ቪዲዮው ከአራት ደቂቃ አይብለጥ። ምርጡን መጀመሪያ አድርገው፣ ምክንያቱም አሰልጣኙ ግማሽ ደቂቃ ላይ ሊዘጋው ይችላል። የማልያ ቁጥርህንና ቀለሙን ጻፍ። ዳንክና ሦስት ነጥብ ብቻ ደርድረህ አትላክ። ኳስ ሳይዝ የሚንቀሳቀሰውን፣ ከደካማው ወገን ሮጦ መጥቶ የሚረዳውን፣ ኳስ ከተነጠቀ በኋላ ወደ ኋላ የሚሮጠውን ልጅ አሳያቸው። ሙሉ ጨዋታም ሊንኩን ጨምር፤ ከልቡ የፈለገህ አሰልጣኝ የሚከፍተው እሱን ነው። የአራት ደቂቃ ምርጥ ቅንጥብ ለማንም ይገኝለታል፣ ሙሉ ጨዋታ ግን አይደብቅም፤ ሲቀይሩህ ወንበሩ ላይ እንዴት እንደተቀመጥክ ሳይቀር ይታያል።

ጊዜውን በሚመለከት፣ የዲቪዥን 2 አሰልጣኝ ጁንየር (የሃይስኩል ሦስተኛ) ዓመትህ ከመጀመሩ በፊት ካለው ጁን 15 ጀምሮ ሊደውልልህ ይችላል። ዲቪዥን 3 ላላ ያለ ነው። ኮሌጁ ወጪህን ችሎ የሚጋብዝህ ኦፊሻል ጉብኝት እዚያ የሚጀምረው በጁንየር ዓመትህ ጃንዋሪ 1 ነው። ውጤት የሚያከብሩት ኮሌጆች ደግሞ ከጁንየር ዓመት በኋላ ባለው ክረምት ትራንስክሪፕትህን ለመግቢያ ቢሮው ሰጥተው ዕድልህን አስቀድመው ያስገመግማሉ። ይህን እንዲያደርጉልህ ጠይቅ። የገንዘቡንም ግምት አብረው እንዲያሠሩልህ ጠይቅ።

የእውነት ፍላጎትን ከወሬ መለየት ሌላ ጉዳይ ነው። የካምፕ መጋበዣ ኢሜይል ፍላጎት ማለት አይደለም። ካምፕ ገቢ ነው፣ ጥሪው ለሺህ ልጅ ይላካል። አሰልጣኙ ራሱ ሲደውል፣ ትራንስክሪፕት ሲጠይቅ፣ ጨዋታህ ላይ ሲመጣ፣ ግቢውን እንድትጎበኝ ቀን ሲቆርጥ፣ ያ ፍላጎት ነው። በብዙ መቶ ወይም በሺህ ዶላር "እናስመለምልሃለን" ለሚሉ ድርጅቶችም አትክፈል። እነሱ የሚልኩትን ኢሜይል አንተ በነፃ ትልከዋለህ፣ ካንተ ሲመጣ ደግሞ ይነበባል።

ከመወሰንህ በፊት አንድ ሥራ አለ፣ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። የቡድኑን ድረ ገጽ ክፈትና ያለፉትን ሦስትና አራት ዓመታት የተጫዋቾች ዝርዝር ጎን ለጎን አስቀምጥ። ፍሬሽማን ሆነው ከገቡት ውስጥ ጁንየር ዓመት ላይ ስሙ ያለው ስንቱ ነው? ስምንት ገብተው ሁለት ከቀሩ ምክንያቱን አሰልጣኙን ጠይቅ። አንዳንድ በተማሪ ክፍያ የሚኖሩ ኮሌጆች 25 እና 30 ልጅ ይመዘግባሉ፣ ሁለተኛ ቡድንም ያቋቁማሉ። ይህ ክፋት የለውም፤ ግን የትኛው ቡድን ላይ እንደምትሆን ቀድመህ እወቅ።

ኮሌጁ ራሱስ ይቆያል ወይ? ይህ የዋዛ ጥያቄ አይደለም። ፔንሲልቬንያ ውስጥ የነበረው ካብሪኒ ዩኒቨርሲቲ በ2012 ለዲቪዥን 3 ዋንጫ ፍጻሜ የደረሰ ቡድን ነበረው፤ በ2024 ኮሌጁ ተዘጋ። በርሚንግሃም ሳዘርንም በዚያው ዓመት ተዘግቷል። የተማሪ ቁጥሩ በየዓመቱ እየቀነሰ ስለመሆኑና በጀቱን በተመለከተ ዜና ፈልግ።

ዝውውር

መዘዋወር የሚፈልግ ተጫዋች ስሙን የሚያስገባበት የኤንሲኤኤ ፖርታል ሥራ የጀመረው ኦክቶበር 15፣ 2018 ነው። ኤፕሪል 2024 ላይ ደግሞ ዲቪዥን 1 ትምህርቱን ያሟላ ተጫዋች ስንት ጊዜም ቢዘዋወር ወዲያው እንዲጫወት ፈቀደ። ይህ ታች ድረስ ይወርዳል። ዲቪዥን 1 ላይ ያለ አሰልጣኝ የ18 ዓመት ልጅ ከማሳደግ የ22 ዓመት ጎልማሳ ከዲቪዥን 2 ማምጣት ይመርጣል። የዲቪዥን 2ው የጎደለበትን ከጁኮና ከዲቪዥን 3 ይሞላል። ከሃይስኩል የሚወጣው ልጅ ደግሞ አንድ እርከን ወደ ታች ይገፋል። ስለዚህ "ዲቪዥን 2 ይገባኝ ነበር" ብለህ የምታዝን ከሆነ፣ አቅምህ አንሶ ላይሆን ይችላል። ቦታው በትልልቆች ተይዞ ነው።

ወደ ላይ የወጡ አሉ። ደንከን ሮቢንሰን በ2013-14 ዲቪዥን 3 ዊሊያምስ ኮሌጅ ተጫውቶ ቡድኑ ለፍጻሜ ደረሰ። አሰልጣኙ ሲለቅ እሱም ወደ ዲቪዥን 1ው ሚሺገን ዩኒቨርሲቲ ሄደ፣ በወቅቱ ደንብ አንድ ዓመት ሳይጫወት ተቀመጠ፣ በኋላ ኤንቢኤ ገባ። ዴሪክ ዋይት ከዲቪዥን 2 ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ተነስቶ በ2017 የኤንቢኤ ምርጫ (ድራፍት) በ29ኛ ተመረጠ። አሰልጣኝ ቤን ማኮለም ደግሞ ኖርዝዌስት ሚዙሪ ስቴትን አራት ጊዜ የዲቪዥን 2 ሻምፒዮን ካደረገ በኋላ በ2024 ወደ ዲቪዥን 1ው ድሬክ ሲሄድ አራት ተጫዋቾቹን ይዞ ሄደ፤ ቤኔት ስተርትዝ አንዱ ነው። ድሬክ በዚያ የመጀመሪያ ዓመት 31 ጨዋታ አሸነፈ። ተጫዋቾቹን ስታያቸው የምትማረው፣ መጀመሪያ ባሉበት ቦታ ዋና ተጫዋች ነበሩ። በጨዋታ ስድስት ደቂቃ የሚጫወት ልጅ ፖርታል ውስጥ ስሙን ቢያስገባ የሚደውልለት ላይኖር ይችላል።

እንግዲህ መሄድ አለብኝ ካልክ፣ መጀመሪያ ከአሰልጣኝህ ጋር ፊት ለፊት ተነጋገር። "ለሚቀጥለው ዓመት ቦታዬ የት ነው?" በለው። አዲሱ አሰልጣኝ መጀመሪያ የሚደውለው ለእሱ ነው፣ በክፉ አትለያይ።

ቀጥሎ ክሬዲት። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚጎዳው። 60 ክሬዲት ይዘህ ትሄዳለህ፣ አዲሱ ኮሌጅ 41ዱን ይቀበላል፣ ከ41ዱ ውስጥ ለዲግሪህ የሚቆጠረው 30 ይሆናል። ያ ማለት አንድ ዓመት ተጨማሪ ክፍያ ነው። ስለዚህ ትራንስክሪፕትህን ለሬጅስትራሩ ልከህ የትኛው ኮርስ በየትኛው ቦታ እንደሚቆጠር በጽሑፍ አስመጣ። "ይያዝልሃል" የሚል የስልክ ቃል አይበቃም። ጁኮ ላይ ያለህ ደግሞ ለጂፒኤ ብለህ ቀላል ኮርስ አታብዛ፤ እንግሊዝኛና ሒሳብ ቀድመህ ጨርስ።

ሰዓቱንም ቁጠር። በዲቪዥን 2 እና 3 አራት የውድድር ዓመት አለህ፣ እነሱንም በሙሉ ጊዜ በተመዘገብክባቸው 10 ሴሚስተሮች ውስጥ መጨረስ አለብህ። ሳትጫወት የተማርክበት ሴሚስተርም ይቆጠራል። ስለ ጁኮ ዓመታት የፍርድ ቤት ወሬ ሰምተህ ይሆናል፤ ዲሴምበር 2024 ላይ አንድ የፌዴራል ዳኛ ለፉትቦል ተጫዋቹ ዲዬጎ ፓቪያ ጁኮ ያሳለፈው ጊዜ ተጨማሪ ዓመት እንዳይከለክለው አዘዙ፣ ኤንሲኤኤም ለተመሳሳይ ተጫዋቾች 2025-26ን ፈቀደ። ዕቅድህን ግን በዚህ ላይ አትሥራ።

የስፖርት ክፍሉ ውስጥ ኮምፕላያንስ የሚባል የደንብ ኃላፊ አለ። ሌላ ኮሌጅ ከማነጋገርህ በፊት እሱ ጋ ሂድ፣ በተለይ ዲቪዥን 3 ላይ ከሆንክ አሠራሩ ስለሚለይ። ዲቪዥን 2 ላይ ደግሞ ስምህ ፖርታል ሲገባ ኮሌጁ የስፖርት ገንዘብህን ለሚቀጥለው ጊዜ ላያድሰው እንደሚችል እወቅ። ስለዚህ "እስቲ ልሞክረው" ተብሎ አይገባም። አዲሱ ኮሌጅ ለተዘዋዋሪ የሚሰጠው የውጤት ገንዘብም ለፍሬሽማን ከሚሰጠው ብዙ ጊዜ ያንሳል፤ ያንን የእርዳታ ደብዳቤ እንደገና በእርሳስ አንብበው።

በኤፍ 1 ያለህ ልጅ፣ ለአንተ አንድ እርምጃ ይጨመራል። የኢሚግሬሽን መዝገብህ ከአንዱ ኮሌጅ ወደ ሌላው በሲስተሙ መተላለፍ፣ አዲስ አይ 20 (ኮሌጁ ለቪዛው የሚሰጥህ ሰነድ) መውጣት አለበት። ይህን የሚሠራው የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ነው፣ አሰልጣኙ አያውቀውም። የመኝታ ክፍል ማስያዣ ከመክፈልህ በፊት እዚያ ሂድና ቀኑን አስይዝ።