በሴራሚክ ኢንሌይ እና ኦንሌይ ሥራ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ኢንሌይ በጥርሱ ጫፎች መካከል የሚገባ፣ ኦንሌይ ደግሞ የጥርሱን ጫፍ ጭምር የሚሸፍን፣ ከአፍ ውጭ ተሠርቶ የሚጣበቅ ሙሌት ነው። የወለቀ ኦንሌይ ሲመጣ መጀመሪያ መታየት ያለበት ሲሚንቶው (ማጣበቂያው) የቀረበት ቦታ ነው። ሲሚንቶው በሙሉ ጥርሱ ላይ ቀርቶ የሴራሚኩ ውስጣዊ ገጽ ንጹሕ ከሆነ፣ ጥርጣሬው በቅድሚያ በሴራሚኩ አዘገጃጀት ላይ ማረፍ ይኖርበታል። ባለሙያው ግን ብዙውን ጊዜ የሚወቅሰው ሲሚንቶውን ነው።

የስህተቱ ሥር ሴራሚክን ሁሉ አንድ አድርጎ ማየት ነው። ሊትየም ዳይሲሊኬት የተባለውን የብርጭቆ ሴራሚክ ለማሻከር 5 በመቶ የሆነ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ለ20 ሰከንድ ይበቃል፤ የፌልድስፓር ሴራሚክ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል፤ ዚርኮኒያ ግን የብርጭቆነት ባሕርይ ስለሌለው በዚሁ አሲድ እንደሌሎቹ አይሻክርም፣ በአልሙና ብናኝ ተረጭቶ ኤምዲፒ (ከዚርኮኒያ ጋር የሚያያዝ የፎስፌት ውህድ) ያለበት ፕራይመር፣ ማለትም ከሲሚንቶው በፊት የሚቀባ አያያዥ፣ ሊቀባ ይገባዋል። ዚርኮኒያን በአሲድና በሲሌን (የብርጭቆ ሴራሚክን ከሬዚን ሲሚንቶ ጋር በሚያያይዘው ፈሳሽ) «አዘጋጅቼዋለሁ» የሚል ባልደረባ እስካሁን አለመጥፋቱ ይገርመኛል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ በላቦራቶሪ አሲድ የተደረገለትን ሥራ አፍ ውስጥ ሞክሮ፣ ምራቅ የነካውን ገጽ በውኃ ብቻ አለቅልቆ ማጣበቅ ነው። የምራቅ ፕሮቲን በውኃ አይለቅም! ቅደም ተከተሉ መሞከር፣ ማጽዳት፣ አሲድ ማድረግ፣ አጥቦ ማድረቅ፣ ከዚያም ሲሌን መቀባት ነው። ላቦራቶሪው አሲዱን አስቀድሞ ከጨረሰ፣ ከሙከራው በኋላ የብርጭቆ ሴራሚኩን በፎስፎሪክ አሲድ አጽድቶ ሲሌን መቀባት ይቻላል፤ ዚርኮኒያን በፎስፎሪክ አሲድ ማጽዳት ግን አይገባም፣ ፎስፌቱ ኤምዲፒ ሊይዝበት የሚገባውን ቦታ ቀድሞ ይይዝበታልና።

ሥራው ከመጣበቁ በፊት ታካሚውን «እስቲ ጥርስዎን ይግጠሙት» ማለትም የተለመደ ነው። ሴራሚክ ከጥርሱ ጋር ተጣብቆ ካልተደገፈ በንክሻ ኃይል በቀላሉ ስለሚሰነጠቅ፣ ንክሻው የሚስተካከለው ከተጣበቀ በኋላ ነው፤ የተሞረደውም ቦታ በሚገባ መወልወል አለበት።

ጀማሪዎች ጥርስ ለማትረፍ ሲሉ ለሴራሚኩ የሚሞረደውን ቦታ ያሳንሳሉ፤ ሐሳባቸው መልካም ስለሆነ መቆጣት ይከብደኛል። ነገር ግን በሚሸፈነው የጥርስ ጫፍ ላይ ከ1.5 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካልተገኘ ሴራሚኩ ሊሰበር ይችላል። ለወርቅ የተለመደው ስል ጠርዝም ለሴራሚክ አይሆንም፤ ጠርዙ ወደ 90 ዲግሪ የቀረበ፣ የውስጡ ማዕዘንም ሁሉ የተለዘበ ይሁን።

ዩጂኖል (የቅርንፉድ ዘይት ዋና ንጥረ ነገር) ያለበት ጊዜያዊ ሲሚንቶ የሬዚን ማጣበቂያውን መጠንከር ስለሚያውክ አይመረጥም። ጠርዙ ከድድ በታች ወርዶ ደሙን መቆጣጠርና ራበር ዳም (ጥርሱን ከምራቅ የሚለይ የላስቲክ ሽፋን) ማሰር ካልተቻለ ደግሞ፣ የጥርሱ ቅርጽ አሻራ ከመወሰዱ በፊት ጠርዙን በኮምፖዚት (የጥርስ ቀለም ባለው የሬዚን ሙሌት) ከፍ ማድረግ ወይም ሌላ የሕክምና መንገድ መምረጥ ያስፈልጋል።