ስለ ከሰል ጉድጓድ ልጆችና ፈረሶች ለልጆች ሲጽፉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አንድ ወዳጄ ለልጆች የሚሆን ታሪካዊ ልብ ወለድ እየጻፈ ነው። በእንግሊዝ የከሰል ጉድጓዶች ውስጥ ስለሠሩ ልጆችና ፈረሶች። ረቂቁን ሰጥቶኝ አነበብኩት። ስህተቶቹ የእሱ ብቻ ስላልሆኑ እዚህ ላስፍራቸው።

መጀመሪያ ቃሉ። «ከሰል» ብቻ ካሉት የእኛ ልጅ የሚታየው የቡና ምድጃ ነው፤ እንጨት ተቃጥሎ የሚወጣው። «የድንጋይ ከሰል» ይበሉ። ከመሬት ሥር የሚፈለጥ ጥቁር ድንጋይ መሆኑንም ገና በመጀመሪያው ገጽ ያሳዩት።

ሁለተኛው ስህተት ዓመቱን ሳይወስኑ መጀመር ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በ1842 የወጣው የብሪታንያ የማዕድን ሕግ ሴቶችን በሙሉና ከ10 ዓመት በታች የሆኑ ወንዶችን ከመሬት ሥር እንዳይሠሩ ከለከለ። ዕድሜው በ1872 ወደ 12፣ በ1900 ወደ 13፣ በ1911 ወደ 14 ከፍ አለ። ወዳጄ በ1860 የስምንት ዓመት ልጅት ጉድጓድ አውርዷል። ይቻላል፤ ሕጉ ይጣስ ነበር፣ መጀመሪያ ላይ ለመላ አገሪቱ የተሾመው ተቆጣጣሪም አንድ ሰው ብቻ ነበር። ግን ልጅቷ መደበቅ አለባት። በነገራችን ላይ፣ መርዛማ አየር የምትጠቁመዋ ካናሪ ወፍም በዚያ ዘመን የለችም። ሐሳቡ የመጣው በ1890ዎቹ ነው።

ሦስተኛው ፈረሱን ገና ከመጀመሪያው የልጁ ጓደኛ ማድረግ ነው። ፈረሶች ከ1750 ገደማ ጀምሮ በአንዳንድ ጉድጓዶች ገብተዋል። ዝቅተኛ በሆነው መተላለፊያ ግን ጋሪውን የሚጎትተው ልጅ ነበር፤ በእጅና በጉልበቱ እየዳኸ፣ ወገቡ ላይ ቀበቶ፣ በእግሮቹ መካከል ሰንሰለት። ልጅ ከፈረስ ይልቅ በዋጋ ይረክስ ነበር። ቆፋሪው የሚከፈለው ባወጣው ልክ ስለነበር ብዙ ጊዜ የሚያስጎትተው የገዛ ልጁን ነው። ስለዚህ ክፉውን ሰው ባለሀብቱ ብቻ አድርጎ መሳል ታሪኩን ያቀለዋል። ከሕጉ በኋላ ፈረሶቹ እየበዙ ሄደው በ1913 ወደ 70,000 ደረሱ። ልጅና ፈረስ አብረው እንዲሆኑ ከፈለጉ ያን ጊዜ ይምረጡ፤ ነጂዎቹ ብዙውን ጊዜ ታዳጊ ወንዶች ነበሩ።

ፈረሱንም መልአክ አያድርጉት። ሁሉም ይታወሩ ነበር የሚለውም ተረት ነው። ሠራተኞቹ የሚያወሩት ሌላ ነው፤ ምሳቸውን ከኪሳቸው ስለሚሰርቅ ድንክ ፈረስ፣ የጋሪዎቹን ማያያዣ ድምፅ ቆጥሮ አንድ ሲጨመርበት ንቅንቅ አልል ስለሚል ፈረስ። በጥልቅ ጉድጓዶች ጋጣቸው እዚያው ታች ነበር። ሣር የሚያዩት ሠራተኛው የዓመት እረፍት ሲወጣ ነው።

ትልቁ ስህተት ግን በሩ ላይ ነው። ወዳጄ በር ጠባቂውን ልጅ በአንድ መስመር አልፎታል። የሚገርመኝ ይሄ ነው። ትንንሾቹ ልጆች፣ አንዳንዴ አምስትና ስድስት ዓመት የሆናቸው፣ ጨለማ ውስጥ ተቀምጠው ጋሪ ሲመጣ በር በገመድ ይከፍቱና ይዘጉ ነበር፤ በቀን 12 ሰዓት። በሩ አየሩ ወደ ቆፋሪዎቹ እንዲሄድ መንገድ ያስይዘዋል። ክፍት ከተረሳ አየሩ አቋርጦ ይወጣል፣ ታች ጋዝ ይጠራቀማል፣ ለመፈንዳት አንድ ሻማ ይበቃዋል። የስንት ሰው ነፍስ በዚያ ሕፃን እጅ ላይ ነበር!

ጁላይ 4 ቀን 1838 በዮርክሻየር፣ ሲልክስቶን መንደር አጠገብ ባለው ሃስካር ጉድጓድ የሆነውን ይመልከቱ። ከባድ ዝናብ ጣለ። ልጆቹ በተዳፋቱ መውጫ ለመውጣት ሞከሩ። ሞልቶ የፈሰሰው ወንዝ ገባና ከአየር ማስተላለፊያው በር ጋር አጣበቃቸው። 26 ሞቱ፤ ከ7 እስከ 17 ዓመት የሆኑ፣ 11ዱ ሴቶች።

የመጨረሻው፣ ልጁን እንደ ሰባኪ ማናገር። ረቂቁ ላይ ሦስት ገጽ ለቅሶ አለ። የስምንት ዓመቷ በር ጠባቂ ሣራ ጉደር ለመንግሥት መርማሪዎች የሰጠችው ቃል ግን ጥቂት መስመር ነው። ሥራው አያደክማትም፤ ያለ መብራት ስለምትጠብቅ ግን ትፈራለች። መብራት ሲኖራት አንዳንዴ ትዘፍናለች። በጨለማ ግን አትደፍርም።