ሐረር ስትሄዱ ባጃጁን በር ላይ አሰናብቱት

እኔ ድሬዳዋ ነው ያደግኩት። ከአዲስ አበባ እንግዳ በመጣብኝ ቁጥር ሐረር አድርሺን ይሉኛል። አብዛኛው ሰው የአሮጌውን ከተማ ግንብ በሮች ፎቶ አንስቶ፣ ማታ ጅብ ሲበላ አይቶ ይመለሳል። አቦ፣ እሱማ ሐረርን ማየት አይደለም!

በጠዋት ግቡ። ከ8 ሰዓት በኋላ ከተማው በርጫ ላይ፣ ጫት መቃም ላይ ነው። ዓርብ ደግሞ እኩለ ቀን ላይ ሱቁ ለጁምዓ ይዘጋል።

ሐረር በር ስትደርሱ ባጃጁን አሰናብቱትና በእግር ወደ ፈረስ መጋላ ዝለቁ። ትርጉሙ ፈረስ ገበያ ነው፤ ፈረስ ግን አትጠብቁ። አደባባዩ ላይ መድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን አለ። ጥቂት ወደ ውስጥ ስትራመዱ መስጊዱ ይጀምራል፤ በግንቡ ውስጥ 82 መስጊድ አለ ይላሉ።

ከዚያ ቁልቁል የልብስ ሰፊዎቹ መንገድ፣ መኪና ግርግር። ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪናው ድምፅ ነው። ጨርቅ ገዝታችሁ እዚያው ስጡ፣ ማታ ትወስዳላችሁ። ባለፈው የእህቴን ቀሚስ የለካው ልብስ ሰፊ ከኛ ጋር በአማርኛ ዋጋ ይከራከራል፣ ጨርቅ ይዛ የቆመችውን ገበሬ በኦሮምኛ "ቆይ" ይላል፣ የሚያልፉትን አሮጊት በሐረሪ ሰላም ይላል። እግሩ ከመርገጫው አልተነሳም።

መንገዱ ጊድር መጋላ፣ ሥጋ ገበያው ላይ ያወጣችኋል። ፌስታላችሁን አጥብቃችሁ ያዙ! እኔ ግማሽ ኪሎ ሥጋ ይዤ ጭልፊት ከላይ መጥቶ ፌስታሉን ቀዶ ወሰደብኝ። ሻጩ ሳቀብኝ እንጂ አላዘነልኝም።

መንገድ ስትጠይቁ የበሮቹን ሁለቱንም ስም ያዙ። የሐረር ገዢ የነበሩት አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት ግንብ አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት፤ ሐረር በር በኋላ የተከፈተ ነው። እኛ ሸዋ በር የምንለውን ሐረሪው አስማዲን በሪ ይለዋል፤ ቡዳ በር ደግሞ በድሪ በሪ ነው።

የራምቦ ቤት ለመስኮቱ ባለቀለም መስታወት ሲባል ይታያል። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ሐረር መኖሩ እውነት ነው፤ ቤቱን ያሠራው ግን ሕንዳዊ ነጋዴ ነው።

ከሱ ይልቅ ጊዜያችሁን ለሐረሪ ቤት ስጡ። እንግዳ የሚያሳድሩ አሉ። ጫማ ይወልቃል። ውስጡ በቀይ አፈር ቀለም የተቀባ ደረጃ ደረጃ መደብ ነው፣ ነደባ ይባላል። ዝም ብላችሁ አትቀመጡ። እኔ መጀመሪያ ስገባ ከፍ ያለው ላይ ተደላድዬ ተቀመጥኩ፣ ለካ አሚር ነደባ፣ የአባወራው ቦታ ኖሯል! እናትየው "ነይ ልጄ፣ እዚህ ይሻልሻል" ብለው አጠገባቸው አስቀመጡኝ፤ ሆጃም ቀዱልኝ። ከቡና ቅጠል ነው የሚፈላው፣ በወተትና በጨው። ስኳር አትጠይቁ።

ቀሚሱን ከወሰዳችሁ በኋላ ጅቡ ይቀራል። ሲመሽ ከግንቡ ውጪ ነው። ዋጋውን ቀድማችሁ ተነጋገሩ። የገዛችሁት ሥጋ ከጭልፊቱ ከተረፈ ግን ይዛችሁት አትሂዱ።