ድመታችሁ ከሶፋ አልነሳ ካለች፦ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

«ዶክተር፣ ድመታችን ሰነፍ ናት። በልታ ትተኛለች፣ ተነስታ ትበላለች፣ በቃ።»

ይህን ሳልሰማ ያለፈ ሳምንት ትዝ አይለኝም። አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ለቤት እየዞርኩ ውሻና ድመት አክማለሁ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ኮንዶሚኒየም ውስጥ በር ተዘግቶባቸው የሚያድጉ ድመቶች በብዛት ያጋጥሙኛል። ሰዎቹ በር የሚዘጉት ጨክነው አይደለም። ውጭ መኪና አለ፣ ውሻ አለ። ከሁሉም የሚከፋው ደግሞ የአይጥ መርዝ አለ። የተመረዘች አይጥ በልታ የምታጣጥር ድመት ያየ ሰው በሩን ቢዘጋ አልፈርድበትም።

ግን በሩ ሲዘጋ አደኑም አብሮ ይቀራል። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ ይባል የለ? አመሏ ማደን ነው። ሶፋ ላይ የተጋደመችው የምታድነው ነገር አጥታ ነው። ያንን አደን በትንሹም ቢሆን በየቀኑ ቤት ውስጥ መፍጠር የኛ ሥራ ነው። ሰዎች ይህን ሲሞክሩ የት ላይ እንደሚሳሳቱ ልንገራችሁ።

ሕመምን ስንፍና ማለት

ከመጫወቻው በፊት ይህ ይቅደም። ጤነኛ ድመት በቀን ከ12 እስከ 16 ሰዓት ትተኛለች። ስለዚህ መተኛቷ ብቻውን አያስደነግጥም። የሚያስደነግጠው ለውጡ ነው። ትናንት ብፌ ላይ ትወጣ የነበረች ዛሬ ከተወች፣ መደበቅ ካበዛች፣ ሰውነቷን መላስ ካቆመች፣ አንድ ቀን ሙሉ ካልበላች ሐኪም ጥሩ።

አንድ ጊዜ በዓቢይ ጾም አንዲት እናት ጀሞ ኮንዶሚኒየም ጠሩኝ። «ልጄ፣ ውሮዬ ጨዋታ ትታለች፤ መጫወቻ ልግዛላት ይሆን?» አሉኝ። ድመቷን አቅፌ ከንፈሯን ገለጥ አደረግኩ። ድዷ እንደ ወረቀት ነጭ ነው። «ምን ትበላለች እማማ?» አልኳቸው። «ያው እኛ የምንበላውን። እንጀራ በሽሮ፣ በምስር።»

ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ። ጥሬ ሆነ፣ ተቁላላ፣ ልዩነት የለውም። ወጣችን ደግሞ ያለ ሽንኩርት አይሠራም። ያቺ ድመት እንኳን ልትዘል ለመቆምም አቅም አልነበራት። ወጡን አስቆምን፣ ሕክምናዋን ጀመርን፣ የተቀቀለ ሥጋ ያለ ጨውና ያለ ቅመም ማግኘት ጀመረች። ከሳምንታት በኋላ እማማ ደወሉ። መጋረጃቸውን ቧጥጣ ጫፉ ላይ ተንጠልጥላለች። ድምፃቸው ደስታ ብቻ ነበር።

ጾሙ የእናንተ ነው። ድመት ያለ ሥጋ አትኖርም። ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር የምታገኘው ከሥጋ ነው፤ ሲጎድልባት ልቧም ዓይኗም ይጎዳል።

መጫወቻውን አፍንጫዋ ሥር ማወዛወዝ

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል። ስንት ቤት እንዳየሁት!

ቃጭል ያላት የጨርቅ አይጥ ይገዛል። ድመቷ ፊት ይወረወራል። ድመቷ አየት አድርጋ ፊቷን ታዞራለች። «አየህ ዶክተር? አትጫወትም» ይሉኛል። ወይም ላባ የታሰረበት ዘንግ ይዘው አፍንጫዋ ላይ ያወዛውዙባታል። ድመቷ ወደ ኋላ ታፈገፍጋለች። ይከተሏታል። ሶፋ ሥር ትገባለች። ዘንጉን ሶፋ ሥር ይልኩባታል።

እስቲ አስቡት። የትኛዋ አይጥ ናት ድመት አይታ ወደ አፏ የምትሮጠው? አይጥ ትሸሻለች። ግድግዳ ታክካ ትሄዳለች፣ ቆም ትላለች፣ ትደበቃለች። ወደ ፊቷ የሚመጣባት ነገር ለድመት ጥቃት ነው። ዝም ብሎ የተቀመጠው ደግሞ ሬሳ ነው። ሁለቱንም አታድንም።

እንዲህ አድርጉ። አንድ ሜትር የሚያህል ቀጭን ዘንግ ጫፍ ላይ ጠንከር ባለ ሲባጎ ላባ እሰሩ። የበዓል ዶሮ ስታርዱ የጅራቱን ላባ አጥባችሁ አድርቁ፤ ከሱቅ ከሚገዛው ይበልጣል። ላባውን ከድመቷ ራቅ አድርጋችሁ ወለል ላይ ቀስ ብላችሁ ጎትቱ። ከሷ እየሸሸ ይሂድ። የሶፋው እግር ጋ ሲደርስ አቁሙት። አሁን እናንተም አትንቀሳቀሱ። ከዚያ ግማሹ ከሶፋው ኋላ ይግባ፣ ጫፉ ብቻ ይታይ። ጫፉን አንዴ ነካ አድርጉት። ካሽ የሚል ድምፅ ካለው የተሻለ ነው።

አሁን ድመቷን እዩ። የዓይኗ ብሌን ይሰፋል። ጆሮዋ ወደ ፊት ይቆማል። ደረቷ ወለሉን ይነካል፣ ቂጧ ይነቀነቃል። ይህ ሁለት ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል፣ እሷም ከቦታዋ ላትነሳ ትችላለች። አብዛኛው ሰው ተስፋ ቆርጦ ዘንጉን የሚጥለው እዚህ ላይ ነው። እባካችሁ ጠብቁ! ማድባቱ የአደኑ ዋና ክፍል ነው። ተቀምጣ ማየቷ ራሱ ጨዋታ ነው።

ስትዘል ትያዘው። ሁሌም ማምለጥ የለበትም። ትንከሰው፣ በኋላ እግሯ ትርገጠው። ከዚያ ትንሽ ልቀቁላትና እንደገና ይሽሽ። መጨረሻ አካባቢ እንደ ቆሰለች አይጥ ፍጥነቱን ቀንሱት፣ ለመጨረሻ ጊዜ ትያዘው፣ ወዲያው ምግቧን አቅርቡ። አደነች፣ ያዘች፣ በላች፣ ፊቷን ታጥባ ትተኛለች። የተፈጥሮዋ ቅደም ተከተል ይህ ነው። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ይበቃል።

ሰዓቱም ወሳኝ ነው። ድመት የምትነቃው ጎህ ሲቀድና ሲመሽ ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ቀስቅሳችሁ ተጫወች ብትሏት አትሰማችሁም። ጠዋት ከሥራ በፊት፣ ማታ ከእራቷ በፊት አድርጉት። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ በብርድ ልብስ ውስጥ እግራችሁን የምትነክስ ድመት ካለቻችሁ፣ የማታው ጨዋታ ቀርቶባት ነው።

ክር ትቶ መሄድ

ይህን ስጽፍ አሁንም ይከብደኛል። ሥራ እንደጀመርኩ ሰሞን ለአንዲት ወጣት «የሹራብ ክር ጎትችላት፣ ትወደዋለች» አልኳት። ስትጨርሺ ቆልፊበት አላልኳትም። ግልጽ መስሎኝ ነበር። ከአሥር ቀን በኋላ ድመቷ ታስመልሳለች ብላ ጠራችኝ። አፏን ስከፍት ክሩ የምላሷ ሥር ላይ ተጠምጥሟል፣ ሌላው ጫፍ አንጀቷ ውስጥ ገብቷል። ክር አንድ ቦታ ሲያዝና አንጀት ወደ ፊት ሊገፋው ሲሞክር፣ ገመድ የገባበት የሱሪ ወገብ ሲሳብ እንደሚሸበሸበው አንጀቱ ይሸበሸባል። ከዚያ ክሩ እንደ ምላጭ ይቆርጠዋል። ኦፕራሲዮን ተደረገላት። አልተረፈችም።

የድመት ምላስ እሾሁ ወደ ኋላ ያዘነበለ ነው። ክር አንዴ ከያዘ መትፋት ያቅታታል፣ ትውጠዋለች። ስለዚህ የኪሮሽ ክር፣ መርፌ የተሰካበት ክር፣ የስጦታ ሪባን፣ የፀጉር ላስቲክ ሁሉ ተከድኖ ይቀመጥ። ዘንጉም ጨዋታው እንዳለቀ ቁም ሳጥን ይግባ። ክር ከአፏ ወይም ከቂጧ ተንጠልጥሎ ካያችሁ አትጎትቱ። ሐኪም ጋ ውሰዷት።

እጅን መጫወቻ ማድረግ

ትንሽ ሳለች ጣታችሁን ስትነክስ ታስቃለች። ካደገች በኋላ አታስቅም። የድመት ጥርስ ቀጭንና ረጅም ስለሆነ ጀርሙን ጥልቅ ቦታ ያስገባዋል። የእብድ ውሻ በሽታ ደግሞ አገራችን ውስጥ አለ፣ በድመትም ይተላለፋል። ድመት ከነከሰቻችሁ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ እጠቡና ጤና ተቋም ሂዱ። ለጨዋታው ዘንግ አለላችሁ።

አስርቦ ማክሳት

ወፍራም ድመት እንድትንቀሳቀስ ብለው ምግብ የሚከለክሉ አሉ። አታድርጉት! ወፍራም ድመት ጥቂት ቀን ካልበላች የሰውነቷ ስብ ወደ ጉበቷ ይጎርፋል፣ ጉበቷ ሥራ ያቆማል። በዚህ የሞቱ አይቻለሁ። መክሳት ካለባት ቀስ በቀስ ነው፣ ከሐኪም ጋር። እንዳትወልድ ኦፕራሲዮን የተደረገች ድመት ድሮ የምትበላው ይበዛባታል፤ ያኔ መጠኑን ትንሽ መቀነስ ነው።

ተቃራኒው ስህተት ሳህኗን ቀኑን ሙሉ ሞልቶ መተው ነው። ሳህኑ ሙሉ ከሆነ ለምን ትነሳለች? ውጭ የምትኖር ድመት በቀን አሥር ጊዜና ከዚያ በላይ ትንንሽ ነገር እያደነች ትበላለች። እናንተም የቀን ምግቧን ከአራት እስከ አምስት ቦታ ክፈሉት። የተቀቀለ ሥጋዋን በትንንሹ ቆርጣችሁ የእንቁላል ካርቶን ጉድጓዶች ውስጥ በትኑት፣ በእግሯ እያወጣች ትብላ። ደረቅ ምግብ የምትሰጡ ደግሞ የሃይላንድ ፕላስቲክ ሁለት ሦስት ቦታ ብሱ፣ ጠርዙን አለስልሱ፣ ምግቡን ከትታችሁ ወለል ላይ ተዉላት። እየገፋች ታንከባልለዋለች። መጀመሪያ ቀዳዳውን ሰፋ አድርጉት፣ ካልሆነ ትሰለቻለች።

ወለሉን ብቻ መስጠት

ጠባብ ቤት ለድመት የሚሰፋው ወደ ላይ ነው። የፍሪጁን ወይም የቁም ሳጥኑን አናት አንድ ጥግ ልቀቁላትና መወጣጫ አድርጉላት። ሶፋ እየቧጠጠች ካስቸገረቻችሁ አትምቷት። መርካቶ የቃጫ ገመድ ገዝታችሁ የማይነቃነቅ እንጨት ላይ ጠምጥሙና ሶፋው አጠገብ አቁሙት። ተነስታ ሙሉ በሙሉ የምትንጠራራበት ቁመት ይኑረው። የሚወዛወዝ ከሆነ አንዴ ሞክራ ትተወዋለች።

በረንዳው ግን በመረብ ይሸፈን። ወፍ ስታይ ፎቁን ትረሳለች።

ሌሎቹን ባጭሩ

የሌዘር መብራት የማይያዝ አደን ስለሆነ ያበሳጫታል፤ ከተጠቀማችሁ ዓይኗ ላይ አታብሩ፣ መጨረሻውን ልትይዘው የምትችለው ነገር ላይ አሳርፉት። መጫወቻ ሁሉ አንዴ ወለል ላይ አይደርደር፤ ሁለት አውጡ፣ ሌላውን ደብቁ፣ በሳምንቱ ቀይሩ። ፌስታል አትስጧት፤ ወረቀት ከረጢት ከሆነም እጀታውን ቁረጡ። «ታጫውታታለች» ብላችሁ ሁለተኛ ድመት አታምጡ፤ ብዙ ጊዜ የማየው አንዷ አልጋ ሥር ተደብቃ ስትውል ነው።

አርጅታለች ብሎ መተው

ይህን ስህተት እኔም ሠርቻለሁ። የራሴ ድመት 13 ዓመቷ ነው። አልጋዬ ላይ መውጣት ስታቆም «አረጀች» ብዬ አለፍኩ። ወራት ፈጅቶብኛል። አንድ ቀን ከወንበር ስትወርድ በዝግታ አየኋት፤ መጀመሪያ የፊት እግሮቿን በወንበሩ ጎን ወደ ታች አንሸራተተች፣ ከዚያ ተንፍሳ ቀሪውን ለቀቀች። የመገጣጠሚያ ሕመም ነበር። ብዙ ያረጁ ድመቶች አለባቸው፣ አያነክሱም፣ አይጮኹም፣ መዝለል ብቻ ያቆማሉ።

ሐኪም የሚያዘው መድኃኒት አለ። የሰው ማስታገሻ ግን እንዳትሰጡ። ፓራሲታሞል ለድመት መርዝ ነው፤ ግማሽ ፍሬ ልትገድላት ትችላለች።

አሁን አልጋዬ አጠገብ ሁለት ካርቶን እንደ ደረጃ ደርድሬላታለሁ። ማታ ማታ ላባውን ምንጣፍ ሥር አስገብቼ ጫፉን አነቃንቃለሁ። አትዘልም። ተጋድማ ታደባለች፣ አንድ እግሯን ትዘረጋለች፣ ትይዘዋለች። ሦስት ደቂቃ ነው። ከዚያ እራቷን አቀርባለሁ።